ኬሚስትሪን ከሌላው ሙያ ጋር ማኗኗር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ኬሚስትሪ የሚሞክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሌላም የሚወዱት ነገር አላቸው፤ ስፌት፣ ሥዕል፣ ክራር፣ ፎቶ፣ ጥገና። ጊዜው፣ ቦታውና ዕቃው ግን ለሁሉም አልበቃ ይላል። አምስት ጥያቄዎችን መርጠን መልሰናል። መጠኖቹን በግራም የሰጠነው ሆን ብለን ነው፤ የማንኪያ ልኬት ለወጥ ይሆናል እንጂ ለዚህ ሥራ አይታመንም። እስከ 0.1 ግራም የምታነብ አንዲት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ከዚህ በታች ላለው ሁሉ ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው፤ ቀን ቢሮ እውላለሁ። ክሪስታል ማሳደግ በጣም እወዳለሁ፣ ክራር እየተማርኩ ነው፣ በእርሳስም እስላለሁ። ሁሉንም ጀምሬ አንዱንም ዳር አላደረስኩም። ጓደኞቼ «አንዱን ያዝና ሌላውን ተው» ይሉኛል። በዚያ ላይ የአሉም (የፀጉር ቤቱ ነጭ ድንጋይ) ክሪስታሌ ማታ ያድግና ቀን መልሶ ይሟሟል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አትተው። ከደብዳቤህ እንደምንረዳው ያስቸገረህ የፍላጎትህ ብዛት ሳይሆን ሁሉም በአንድ ሰዓት እጅህን መፈለጋቸው ነው። ይህ ይስተካከላል፤ የቤት ኬሚስትሪ አብዛኛው ሥራው መጠበቅ ነውና። ክሪስታል ሲያድግ፣ ቀለም ሲዘፈዘፍ፣ ሳሙና ሲደርቅ ያንተ እጅ ምንም አይጨምርለትም። ክራርና ሥዕል ግን እጅ ካልነካቸው ንቅንቅ አይሉም።

ስለዚህ መጀመሪያ የኬሚስትሪ ሥራህን ለሁለት ክፈለው። አንደኛው ዓይን የማይነቀልበት ነው፦ መመዘን፣ እሳት ላይ ማሟሟት፣ ትኩስ ነገር ማጥለል፣ አሲድ ወይም ካስቲክ ሶዳ (ሳሙና የሚሠራበት፣ ቆዳ የሚበላ ኬሚካል) መንካት። ሁለተኛው ራሱን የሚሠራ ነው፦ መቀዝቀዝ፣ መትነን፣ መዘፍዘፍ፣ መድረቅ። ለመጀመሪያው ዓይነት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስጠው፤ በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ክራሩም ስልኩም ሌላ ክፍል ይሁኑ። ሁለተኛው ዓይነት በሥራ ቀን ማታ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፤ አይተህ፣ የክፍሉን ሙቀት ለክተህ፣ መዝግበህ ክራርህን አንሳ። የቤት አደጋ የሚመጣው ሁለቱ ሲቀላቀሉ ነው። ድስት ጥዶ «እስኪሞቅ አንድ ዜማ ልምታ» ያለ ሰው ድስቱን የሚያስታውሰው ሽታው ሲደርሰው ነው።

ሦስቱም የሚፈልጉት የጊዜ ዓይነት የተለያየ ነው። ክራር በየቀኑ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ጣት ስለሚረሳ እሑድ የተመታ አራት ሰዓት ያንን አይተካም። ሥዕል በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይበቃዋል። ኬሚስትሪ በሳምንት አንድ ቀን ከተነካ ይበቃል፤ እንዲያውም ክሪስታልን በየሰዓቱ የሚነካካ ሰው ያበላሸዋል።

ላለመጨረስ ችግር አንድ ሕግ እንመክራለን፦ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ጠርሙስ አይኑርህ። አራተኛ ከማስጀመርህ በፊት ከሦስቱ አንዱ ያልቃል። ማለቅ ማለት ግን የግድ መሳካት አይደለም፤ «ደፈረሰ፣ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል፣ ደፋሁት» ብለህ ከጻፍክም አልቋል። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ቦሮዲን (1833–1887) በሙያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር፤ ሙዚቃ የሚደርሰው በትርፍ ጊዜው ነው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በሙዚቃው ነው፤ ትልቁን ኦፔራውን ግን 18 ዓመት ያህል ይዞት ሳይጨርሰው አረፈ፣ ጓደኞቹ ናቸው የጨረሱለት። ሁለት ሙያ መያዝ ይቻላል። ሥራው ግን በተገኘችው ጊዜ ልክ ተቆርሶ መያዝ አለበት።

ለሦስቱም አንድ ደብተር ይኑርህ። ክሪስታልህን በየሳምንቱ ከማስመሪያ ጎን አድርገህ ሣለው። የአሉም ክሪስታል በደንብ ሲያድግ ስምንት ፊት አለው። እርሳስ ይዘህ ስታየው የጠርሙሱን ወለል የነካ ክሪስታል ታችኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደማያድግ ታያለህ፤ በፎቶ ብቻ ብትይዘው ይህ ያመልጥሃል።

አሁን ወደ መሟሟቱ። ፀጉር ቤት ከተላጩ በኋላ ፊት ላይ የሚታሸው ነጭ ድንጋይ አሉም ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ 14 ግራም ያህል፣ በ50 ዲግሪ ደግሞ 37 ግራም ያህል አሉም ይይዛል። ስለዚህ በማታው ቅዝቃዜ የጠገበው ውሃ የድሬዳዋ ከሰዓት ሲሞቅ እንደገና ይራባል፤ የሚበላውም ክሪስታልህን ነው። መላው ውሃውን በቀኑ ትኩስ ሰዓት ማጥገብ ነው፤ እንዲህ አድርግ።

500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ 100 ግራም አሉም ጨምረህ እስከ 55 ዲግሪ ገደማ እያሞቅህ አሟሟ። በአራት በታጠፈ ሻሽ ትኩሱን አጥልል፣ ሸፍነህ አሳድር። በማግስቱ ከታች ከወረዱት ትንንሽ ክሪስታሎች ጥርት ያለና ቅርጹ የተስተካከለ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ምረጥ፤ እሱ ዘርህ ነው። የቀሩትን እዚያው ተዋቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ፣ ክፍሉ በጣም ሲሞቅ፣ ውሃውን ከነተረፉት ክሪስታሎች ለግማሽ ሰዓት ያህል እየቆየህ አማስለውና ከላይ ያለውን ብቻ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጥ። ይህ ውሃ በቀኑ ከፍተኛ ሙቀት የጠገበ ስለሆነ ሌላ ጊዜ አይራብም። ዘሩን በቀጭን ናይለን ክር አስረህ መሐል ላይ አንጠልጥል። ጠርሙሱን ውሃ በሞላ ትልቅ ባልዲ ውስጥ አቁመው፤ ባልዲው የቀንና የሌሊቱን ልዩነት ያለዝበዋል። ከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከቆርቆሮ ጣሪያ አርቀህ ወለል ላይ አኑረው። አፉን በወረቀት ሸፍን፣ በክዳን አትዝጋ። ታች አዳዲስ ክሪስታሎች በብዛት ከታዩ ውሃውን ወደ ሌላ ንጹሕ ጠርሙስ አዛውር፤ አለዚያ ምግቡን ይሻሙታል። በቀን ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር በላይ የሚያድግ ከሆነ ውስጡ ነጭ ደመና ይይዛል፤ ለመቸኮል አትሞክር።

የተጣራ ውሃ ያልንበት ምክንያት አለን። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። አሉም እንዲህ ያለ ውሃ ሲያገኝ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፣ ክሪስታሉም ደብዛዛ ይሆናል። የተጣራ ውሃ ባትሪ ቤት ይገኛል፤ ግን ከመሄድህ በፊት ይህን ልብ በል፦ ባትሪ ቤት የባትሪ ውሃም የባትሪ አሲድም ይሸጣል፤ ጠርሙሱም መልኩም ይመሳሰላል። ቤት ስትደርስ ጓንትና መነጽር አድርገህ ጥቂት ጠብታ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ጣል። አረፋ ካወጣ አሲድ ነው፣ መልሰው።

ጥያቄ፦ ሐረር ጁገል ነኝ። ሞሰብና ሰፌድ እሰፋለሁ። ልጄ ኬሚስትሪ ስለሚማር አብረን አክርማውን ከገበያ ቀለም ይልቅ በቤት በምናወጣው ቀለም ብንነክረው ብለን አሰብን። በእርድ ሞከርን፤ በጣም አማረ፣ ወር ሳይሞላ ግን ነጣ። ለስፌቱም ጊዜ እያጣሁ ነው።

መልስ፦ እናቴ፣ ሥራው ከሁሉም የተሻለ ነው ብለን እናስባለን፤ የእርስዎ ስፌትና የልጅዎ ትምህርት በአንድ ድስት ሲገናኙ ሁለቱም ይጠቀማሉ። የነጣው ግን በእናንተ ጥፋት አይደለም። የእርድ ቢጫ ብርሃን ሲያገኘው ይፈርሳል፤ ምንም ቢደረግ ለስፌት አይሆንም። ቀይ ሥርና ከርከዴም እንደዚያው ናቸው። የሽንኩርት ልጣጭ ይያዙ፤ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ልጣጩን ይጥሉታል፣ ቢጠይቋቸው በነጻ ይሰጣሉ።

አክርማ እንደ ጥጥ ነው፤ ቀለም በራሱ አይይዝም፣ የሚያያይዝለት ነገር ይፈልጋል። ለ100 ግራም ደረቅ አክርማ የሚበቃውን እነሆ። መጀመሪያ አክርማውን ጥቂት ሳሙና ባለበት ሙቅ ውሃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፈው ያለቅልቁ፤ ላዩ ላይ ያለው ሰም ካልለቀቀ ቀለሙ ነጠብጣብ ይሆናል። ቀጥሎ 30 ግራም የደረቀ የሮማን ልጣጭ በሁለት ሊትር ውሃ ግማሽ ሰዓት አፍልተው ያጥልሉ፤ ለብ ሲል አክርማውን ከተው ያሳድሩ። በማግስቱ 15 ግራም አሉም በሁለት ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙተው ላዩ ላይ 2 ግራም ቤኪንግ ሶዳ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። አረፋ ይነሳል፤ ስለዚህ ሳፋው ጥልቅ ይሁን። አክርማውን ጨምቀው እዚያ ውስጥ አንድ ሌሊት ያሳድሩ። በሦስተኛው ቀን 100 ግራም የሽንኩርት ልጣጭ በሦስት ሊትር ውሃ አንድ ሰዓት አፍልተው ያጥልሉ፤ አክርማውን ከተው በለዘብተኛ እሳት፣ ሳይፈላ፣ 45 ደቂቃ ይተዉት። እዚያው ውስጥ ይቀዝቅዝ። ደማቅ ወርቃማ ቢጫ ይወጣል።

ልጅዎ የሙቀት መለኪያ ካለው አንድ ነገር ይወቅ፦ መጻሕፍቱ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚሉት ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃዋ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ድሬዳዋ ደግሞ በ96። መለኪያው በሚፈላ ውሃ ውስጥ 94 ቢያሳይ ትክክል ነው፣ 100 ካሳየ ግን ይዋሻል።

ጥቁርና የወይራ መልክ ለማግኘት አንድ እፍኝ የዛጉ ምስማሮች በግማሽ ሊትር አቼቶ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያስቀምጡ። ክዳኑ ላላ ይበል፣ ጋዝ ያወጣል። በሁለት ሊትር ውሃ ውስጥ ከዚህ ሦስት ማንኪያ ጨምረው (እዚህ ላይ ማንኪያ ይበቃል) በልጣጭ ተነክሮ የወጣውን አክርማ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያስገቡ። ቢጫው ዓይንዎ እያየ ወደ ወይራነት ይጠቁራል፤ የሮማኑ ልጣጭ ብቻ ከሆነ ወደ ጥቁር ግራጫ ይሄዳል። ብዙ አያቆዩት። ብረት ሲበዛ አክርማው ከዓመት በኋላ ይሰባበራል። እንጀራና ዳቦ ለሚቀመጥበት ዕቃ ከአሉምና ከብረት ውጭ ሌላ ማያያዣ አይጠቀሙ፤ በአንዳንድ የቆዩ የቀለም መመሪያዎች የሚታዘዙት የክሮምና የመዳብ ጨዎች መርዛም ናቸው። ድስቱም የማይዝግ ስቲል ይሁን፤ የብረት ድስት ሁሉንም ያጠቁረዋል። ለቀለም የዋለ ድስት ተመልሶ ወጥ አይሠራበትም።

ቀለሙ መጽናቱን ሳያረጋግጡ ሞሰብ አይጀምሩ። ከእያንዳንዱ ንክር አንድ ዘለላ ወስደው ግማሹን በካርቶን ሸፍነው ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡ። ካርቶኑ ሲነሣ ድንበር ከታየ ያ ቀለም ለስፌት አይሆንም።

ስለ ጊዜው፦ ንክር በወር አንዴ ብቻ ይሁን፤ በአንድ ጊዜ 500 ግራም ያህል ነክረው የወሩን ያከማቹ። ከሦስቱ ቀን እጅ የሚፈልገው ተደምሮ ግማሽ ቀን አይሞላም፣ የቀረው ዝፍዘፋ ነው። ስፌትዎን በዝፍዘፋው ሰዓት ይያዙ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ሐረር። ፎቶ ማንሳት፣ መሣልና ኬሚስትሪ እወዳለሁ። የድሮውን ፎቶ ማጠቢያ ኬሚካል ግን የሚሸጥ አላገኘሁም፤ ባገኝም ይወደድብኛል። በቤት የሚሠራ የፎቶ ወረቀት አለ?

መልስ፦ አለ፤ መልሱም ከላይ ለእናታችን ከነገርናቸው የእርድ ድክመት የተገኘ ነው። በብርሃን የሚፈርስ ቀለም ለስፌት ጉድለት ነው፣ ለፎቶ ግን የሚፈለገው እሱ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሸል በ1842 በዕፅዋት ጭማቂ የታተሙ ምስሎችን አጥንቶ ጽፏል።

10 ግራም የእርድ ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር አልኮል ውስጥ አድርጊና ክዳኑን ዘግተሽ እያንቀጠቀጥሽ 20 ደቂቃ አቆዪው። የእርዱ ቢጫ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፣ አልኮል ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ ይሠራል፤ ከዚያ የጠነከረ ከተገኘ ቀለሙ ይደምቃል። በሻሽ አጥልዪው። ከሰል ወይም ሻማ ያለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አትሥሪ፤ የአልኮል እንፋሎት ከሩቅ እሳት ይስባል።

መስኮት በተሸፈነበት ክፍል ወፍራም የሥዕል ወረቀት ላይ በሰፊ ብሩሽ አንዴ ወደ ጎን፣ ሲደርቅ አንዴ ወደ ታች ቀቢ። ተራ የደብተር ወረቀት ይሸበሸባል። ሲደርቅ ላዩ ላይ ቅጠል፣ ጥልፍ ወይም በፕላስቲክ ላይ በጥቁር ቀለም የሣልሽውን ሥዕል አድርጊና በመስታወት ተጭኖ ፀሐይ ይግባ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ያለው ፀሐይ ምርጡ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ምን ያህል እንደሚፈጅ ለማወቅ መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ካርቶን እየገፋሽ የመሰላል ፈተና ሥሪ። ያልተሸፈነው ቦታ ነጥቶ ሐመር ክሬም ሲመስል በቃው።

አሁን የኬሚስትሪው ክፍል። ወርቅ ሠሪዎች ለብየዳ የሚጠቀሙበትን ቦራክስ 4 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሙተሽ ሲቀዘቅዝ በመርጫ ወረቀቱ ላይ ርጪ። ብርሃን ያልነካው ቢጫ ዓይንሽ እያየ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ የእርድ ቀለም እንደ ቦራክስ ያለ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ሲነካው መልኩን ስለሚቀይር ነው። በቦራክሱ ፈንታ ቤኪንግ ሶዳ ብትጠቀሚ ደካማ ስለሆነ መልኩ ይገረጣል። ቦራክሱን ሕፃናት ከሚደርሱበት አርቂ። በንጹሕ ውሃ ፈጥነሽ አለቅልቀሽ ጥላ ውስጥ አድርቂ።

ማጠቢያው ውሃ ቀላል ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር ሳለ ካሜራ አስመጥቶ ፎቶ ያነሳ ነበር። በ1883 ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ምስሎቹ የነጡበት ለማጠቢያ የተጠቀመው ውሃ መጥፎ ስለነበረ እንደሆነ ገልጿል። አንቺም የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃ ከተገኘ እሱን ተጠቀሚ፤ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲደርቅ ወረቀቱ ላይ ነጭ ብናኝ ይተዋል።

ይህ ምስል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይቆይም፤ ብርሃን መብላቱን ይቀጥላል። በአልበም ያዢው፣ ወይም በደንብ በደረቀ ሰዓት በስልክሽ ቅጂ አንሺ። ለሦስቱ ፍላጎትሽ ግን እንዲህ የሚስማማ ሥራ ጥቂት ነው፦ ሥዕሉ ማታ ይሣላል፣ ወረቀቱ ማታ ይቀባል፣ ፀሐይዋ ትምህርት ቤት ሳለሽ ትሠራልሻለች። መስታወቱን አንሥቶ ወረቀቱን ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ብቻ ቤት ይኑር።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ፤ ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ እኖራለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ዳቦ መጋገርና ሳሙና መሥራት እወዳለሁ። ባለቤቴ ሁለቱን በአንድ ማድ ቤት አልፈቅድም አለች። ያለ ሌላ ክፍል ይቻላል?

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ ግን ሌላ ክፍል አያስፈልግዎትም። የሚያስፈልገው ሌላ ዕቃና ሌላ ቀን ነው። ክዳን ያለው አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ይግዙ፤ የሳሙና ሚዛን፣ ጆግ፣ ማማሰያ፣ ጓንት፣ መነጽር ከዚያ አይወጡም፣ የዳቦውም ወደዚያ አይገቡም። ሥራው ግቢ ውስጥ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ይሁን። ካስቲክ ሶዳው ቁልፍ ባለው ቦታ፣ በራሱ ዕቃ፣ በትልቁ ተጽፎበት ይቀመጥ። በሃይላንድ ጠርሙስ ምንም ኬሚካል አይገልብጡ። በዚህ አገር የሃይላንድ ጠርሙስ ያየ ልጅ የሚያስበው ውሃ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የተጎዳው በዚህ ነው። በረኪናን ከአቼቶም ከሌላ ማጽጃም ጋር በፍጹም አያቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ለአንድ ኪሎ ስብ የሚሆን ሒሳብ እንሥራ። 700 ግራም የቀለጠና የተጣራ ሞራና 300 ግራም የኮኮናት ዘይት ይያዙ። ሞራው በግራም 0.140፣ ኮኮናቱ 0.183 ግራም ካስቲክ ይፈልጋሉ። 98 ሲደመር 54.9፣ ድምሩ 152.9 ግራም ይመጣል። ከዚህ 5 በመቶ ይቀነሳል፤ ቆዳ የሚበላ ትርፍ ካስቲክ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ 145 ግራም ካስቲክና 300 ግራም የተጣራ ውሃ ይሆናል። ዘይት ከቀየሩ ቁጥሩም ይቀየራል፤ የሱፍ ዘይት 0.135 አካባቢ ነው።

ካስቲኩን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ ካስቲኩ አይጨምሩ። ውሃው ራሱ በጣም ይሞቃል፤ ጆጉን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ያቁሙት። የብርጭቆ ዕቃ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሙቀት የሚችል ወፍራም ፕላስቲክ ይሻላል። ከሁሉም በላይ የአልሙኒየም ድስትና ማንኪያ አይቅረቡ። ካስቲክ አልሙኒየምን ይበላል፣ የሚወጣውም ጋዝ የሚነድ ሃይድሮጅን ነው። የቤታችን ድስት አብዛኛው አልሙኒየም ስለሆነ ይህን ደግመን እንላለን። ስቡም የካስቲኩ ውሃም 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይቀላቅሏቸው። ማንኪያ ሲነሳ ላዩ ላይ መስመር የሚተው ያህል ሲወፍር ወደ ካርቶን ቅርጽ ይገልብጡ።

የቀዝቃዛ አገር መመሪያዎች «ጠቅልለው ያሳድሩ» ይላሉ። ድሬዳዋ ላይ አይጠቅልሉ፤ ሳሙናው ራሱ ስለሚሞቅ መሐሉ ያብጥና ይሰነጠቃል። ከ24 ሰዓት በኋላ ጓንት አድርገው ይቁረጡት፣ ነፋስ በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያድርቁት። አረፋው ካነሰ ሳሙናው ተበላሸ ብለው አይዘኑ፤ በተጣራ ውሃ ሞክሩት። በተጣራው አረፋ ካወጣ ችግሩ የቧንቧው ውሃ ካልሲየም ነው። ዳቦውስ? ሳሙና በስድስት ሳምንት አንድ ጠዋት ብቻ ይወስዳል፤ የቀሩት ጠዋቶች የዳቦ ናቸው።

ጥያቄ፦ የቆዩ የልብስ ስፌት መኪናዎችንና ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ሐረር መኪና ግርግር አካባቢ ነኝ። ዝገት በኤሌክትሪክ ይለቃል ሲባል ሰማሁ። እየሠራ እያለ እኔ ሬዲዮ ልጠግን እችላለሁ?

መልስ፦ ይለቃል። ሬዲዮውንም መጠገን ትችላለህ፣ ግን በሌላ ጠረጴዛ፤ ዕቃው የሚነከርበት ባልዲ ደጅ ወይም ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሁን፣ አጠገቡም ብየዳና ሲጋራ አይኑር፤ ከዕቃው የሚወጣው አረፋ ሃይድሮጅን ነው።

መጀመሪያ ቤኪንግ ሶዳ (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም) በማይዝግ መጥበሻ ላይ እያማሰልክ በ200 ዲግሪ ገደማ አድርቀው፤ 100 ግራሙ ወደ 63 ግራም ሲወርድ ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ተለውጧል። ከዚህ በሊትር 10 ግራም ውሃ ውስጥ አሟሟ። ጨው አትጠቀም፣ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። የዛገውን ዕቃ ከ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ኔጋቲቭ ጋር፣ ቁራጭ ፌሮ ከፖዚቲቩ ጋር አገናኝ፤ ሁለቱም ውሃው ውስጥ ይግቡ፣ ግን አይነካኩ። የማይዝግ ስቲል ፖዚቲቩ ላይ አታድርግ፤ መርዛም ክሮም ወደ ውሃው ይለቃል። ሁለት ሦስት አምፔር ላይ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሽቦውን ከመንካትህ በፊት ሁልጊዜ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀል።

የስፌት መኪናውን የብረት አካላት አስገባ፤ አልሙኒየም፣ የተቀባና ጌጥ ያለበት ክፍል፣ መርፌና ስፕሪንግ ግን አታስገባ። ቀለሙ ይላቀቃል፤ ጠንካራ ብረት ደግሞ ሃይድሮጅን ሲጠጣ ተሰባሪ ይሆናል። ሲወጣ የለበሰውን ጥቁር ነገር በሽቦ ብሩሽ ፍቀህ፣ በሙቅ ውሃ አጥበህ፣ ወዲያው አድርቀህ የስፌት መኪና ዘይት ቀባው፤ ሳይቀባ ካደረ ጠዋት አዲስ ዝገት ይዞ ታገኘዋለህ። ባልዲው ታች የሚቀረው ቡናማ ደለል ዝገት ስለሆነ አጥልለህ ጣለው፤ ውሃውን ግን ለሚቀጥለው ዕቃ መልሰህ ተጠቀምበት።